ነዋሪ ወይስ ባለቤት? የመምረጥ መብትና የመራጮች መዝገብ ጥያቄ ከስሜን ግርጌ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ዳባት በቅርብ ዓመታት ሦስት ዓይነት ነዋሪ አስተናግዳለች። አባት አያቶቹ እዚያው ያረሱ ሰው አለ። በሰሜኑ ጦርነት ከአዲአርቃይና ከጠለምት በኩል ተፈናቅሎ መጥቶ የከረመ ሰው አለ። በአለምዋጭ መጠለያ ደግሞ ኤርትራውያን ስደተኞች አሉ። ሦስቱም ከአንድ ገበያ ይሸምታሉ፤ በምርጫ ሕግ ዓይን ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ያለ ጥያቄ መራጭ ነው። ሁለተኛው መራጭ ቢሆንም የትኛው ቦታ ላይ እንደሚቆጠር ያከራክራል። ሦስተኛው ዜጋ ስላልሆነ መዝገብ ላይ አይወጣም።

በምርጫ ስለሚፈጸም በደል ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰን ኮሮጆ ግልበጣ ነው። ኮሮጆ መገልበጥ ግን ማጭበርበር እንጂ መድልዎ አይደለም፤ የሁሉንም ድምፅ በጅምላ ይሰርቃል። መድልዎ የሚባለው አንዱን ከሌላው ለይቶ ከመዝገብ ማስቀረት ነው። ተመዝግቦም ዕጩ እንዳይሆን መከልከል፣ መርጦም ድምፁ ቀልሎ እንዲመዝን ማድረግ፣ ስለመረጠም ኑሮውን መንካት መድልዎ ነው። በአገራችን ባለፉት ዘጠና ዓመታት እነዚህ ሁሉ ታይተዋል። በየዘመኑ የተነሱት ክርክሮች ሲገለጡ ከሥራቸው ያለው አንድ ጥያቄ ነው፦ ድምፅ የሚሰጠው በቦታው የሚኖረው ሰው ነው ወይስ የቦታው ባለቤት ነው የተባለው ሕዝብ? (እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ዘመኑ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

መኳንንት፣ ርስትና የመጀመሪያው ምርጫ

በሐምሌ 1923 የታወጀው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤት አቋቋመ። የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። የሕግ መምሪያውን አባላት ደግሞ፣ ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ በሚል፣ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት እንዲመርጡ ተደነገገ። ድንጋጌው መምረጥን የሚያየው እንደ ችሎታ ነው፤ ችሎታውን የሚመዝነው ደግሞ ያልተመረጠው ወገን ነው። ይህ አስተሳሰብ ከዘውዱ ጋር አልሞተም፤ ስሙን እየቀያየረ ወደ ኋላም ይመጣል።

የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነገሩን በወረቀት ላይ ለወጠው። ዕድሜው 21 የሞላ በትውልድ ኢትዮጵያዊ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ በሚኖርበት የምርጫ ወረዳ መምረጥ ይችላል ተባለ። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 መጀመሪያ ተካሄደ፤ ስንዱ ገብሩም ከአዲስ አበባ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ሆኑ። ከዚያ እስከ 1965 ድረስ በየአራት ዓመቱ፣ በጠቅላላው አምስት ጊዜ፣ ያለ ፓርቲ ምርጫ ተደረገ።

እዚህ ላይ ከአሜሪካ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ጥቁር አሜሪካውያን የመምረጥ መብትን በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1870 ነበር። በደቡብ ክልሎች ግን ለዘጠና አምስት ዓመት ያህል በመዝጋቢው ጠረጴዛ ላይ በንባብ ፈተናና በምርጫ ግብር ሲመለሱ ኖሩ። እ.ኤ.አ. የ1965ቱ የመምረጥ መብት ሕግ ከወጣ በኋላ በሚሲሲፒ የተመዘገቡት ጥቁሮች ከመቶ 7 ገደማ ተነስተው በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 60 ገደማ ደረሱ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰዎቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው የመዝጋቢው ሥልጣን ነው። የኛ መራጭ የፊደል ፈተና አልገጠመውም። በሩ የቆመው ሌላ ቦታ፣ በዕጩው ላይ ነበር፦ ለመመረጥ በወረዳው ውስጥ ንብረት ያለው መሆን ግድ ነበር።

ንብረት ማለት ያን ጊዜ በአብዛኛው መሬት ነው። በጎንደርና በስሜን መሬት በርስት፣ በትውልድ ሐረግ ይወረሳል። ርስት ያልነበራቸው ወገኖች፣ ማለትም ቤተ እስራኤል፣ ወይጦ፣ ብዙ ሙስሊሞችና በእጅ ሥራቸው የሚተዳደሩ ሰዎች፣ በምርጫ ሕጉ ውስጥ ስማቸው አልተጠራም። መሬት የሌለውን በሩ ላይ ማቆም ግን እነሱን ማቆም ነበር። በደቡብ ደግሞ ጭሰኛው በዚያው መስፈርት ከውድድር ወጣ።

ያንን ምክር ቤት ለይስሙላ የቆመ ጌጥ ነበር የሚሉ አሉ፤ ማስረጃቸው የዘውዱ ሥልጣንና የፓርቲ አለመኖር ነው። እኔ ይህ ግማሽ እውነት ይመስለኛል። የመሬት ባለቤትና የጭሰኛን ግንኙነት የሚያስተካክለው ረቂቅ ሕግ መንግሥት አቅርቦት ሳለ እስከ አብዮቱ ድረስ ሳይጸድቅ የቀረው በዚያው ምክር ቤት ነው። ጌጥ ቢሆን ኖሮ የማገድ ጉልበት አይኖረውም ነበር። ለመመረጥ መሬት ያስፈልግ ነበርና፣ የተመረጡት ሰዎች ያገዱት ሕግም የመሬት ሕግ ሆነ።

መደብና ፍረጃ

የካቲት 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 በሩን ገልብጦ ተከለው። የገበሬ ማኅበር አባል የሚሆነው ጭሰኛ፣ መሬት የለሽና ከ10 ሄክታር፣ ማለትም ከሩብ ጋሻ፣ በታች ያለው ባለመሬት ነው። ከዚያ በላይ የነበረው የሚገባው ክፍፍሉ ካለቀ በኋላ ነው። የደርግ ደጋፊዎች ይህን የተዛባ ታሪክ ማቃኛ ጊዜያዊ ርምጃ ብለውታል፤ በዘመኑ ከነበረው የመሬት ይዞታ አንጻር ሙግታቸው ቀላል አልነበረም። ችግሩ የመጣው ጊዜያዊ የተባለው ነገር ልማድ ሲሆን ነው። «አድኃሪ» የሚለው ስም ከ10 ሄክታሩ ጋር አልቀረም፤ ማንም ሊለጠፍበት የሚችል ሆነ። በ1979 ጥር በደርግ ሕገ መንግሥት ላይ የተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ውጤት 81 ከመቶ ድጋፍ ተባለ፤ በሰኔም ለብሔራዊ ሸንጎ 835 መቀመጫ ተመረጠ። የመራጭነት ዕድሜ ወደ 18 ወርዶ፣ መዝገቡ ከምንጊዜውም ሰፍቶ፣ ዕጩዎቹ ግን በብቸኛው ፓርቲ፣ በኢሠፓ፣ ወንፊት ያለፉ ብቻ ነበሩ።

በዚህ ርዕስ ላይ ከሚጻፉት ጽሑፎች አብዛኞቹ ከ1979 ተነስተው በቀጥታ ወደ 1987 ይዘላሉ። በአማራ ክልል ግን ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ የሆነ፣ መዘለል የሌለበት ነገር አለ። በ1989 በክልሉ በርካታ አካባቢዎች መሬት እንደገና ሲከፋፈል ገበሬው በየስብሰባው ተለየ። በደርግ ዘመን የቀበሌ ሹመት የነበረው «ቢሮክራሲ»፣ ከዚያ በፊት የነበረው ባለርስት ቤተሰብ ደግሞ «የፊውዳል ርዝራዥ» ተባለ። እንዲህ የተባለው ሰው የሚተውለት መሬት አንድ ሄክታር፣ አራት ጥማድ ገደማ ነበር፤ ከቀበሌ ስብሰባና ከተመራጭነትም ተገለለ። መንግሥት ይህን ሲያስረዳ የደርግ ሹማምንት በሥልጣናቸው የያዙትን መሬት ለሌላቸው፣ በተለይም ለሴቶችና ለወጣቶች ማድረስ ነው አለ፤ መሬት ያገኙ ሴቶች መኖራቸውም እውነት ነው። ተቃዋሚዎቹ ገበሬዎች አቤቱታቸውን ይዘው አዲስ አበባ ድረስ ወጡ። ሙግታቸው፣ የቀበሌ ጸሐፊ ወይም የጥበቃ ጓድ ሆኖ የተመደበ ደሃ እንደ ጌታ ተቆጠረ የሚል ነበር።

ያኔ በአገሪቱ ሕገ መንግሥት ማንኛውም ዜጋ ያለ ልዩነት የመምረጥና የመመረጥ መብት ካገኘ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ፍረጃው በየትኛውም የምርጫ አዋጅ አልተጻፈም። የተፈጸመው ሁሉም በሚተዋወቅበት በቀበሌ ስብሰባ፣ በእጅ ማውጣት ነው። የመድልዎን ታሪክ ከአዋጆች ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን ዓይነቱን አያገኘውም።

አንቀጽ 38 እና አንቀጽ 8

የ1987 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 ስለ ግለሰብ ነው። ዕድሜው 18 የሞላ ኢትዮጵያዊ በቀለም፣ በዘር፣ በብሔር፣ በጾታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት ወይም በፖለቲካ አመለካከት ልዩነት ሳይደረግበት ይመርጣል፣ ይመረጣል። አንቀጽ 8 ደግሞ የሉዓላዊ ሥልጣን ባለቤቶች ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ናቸው ይላል። አንዱ ነዋሪውን፣ ሌላው ባለቤቱን ይናገራል። ሁለቱ የማይጋጩባቸው ወረዳዎች ብዙ ናቸው፤ በሚጋጩባቸው ቦታዎች ግን የአገሪቱ ከባድ የምርጫ ክርክሮች ተወልደዋል።

ቀዳሚው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ጉዳይ ነው። የምርጫ አዋጅ ቁጥር 111/1987 ዕጩው የክልሉን ወይም የሚወዳደርበትን አካባቢ ቋንቋ እንዲያውቅ ይጠይቅ ነበር። በ1992ቱ ምርጫ በአሶሳ በኩል የቀረቡ ዕጩዎች በርታኛ አይችሉም ተብለው በምርጫ ቦርድ ተሰረዙ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ነበር። የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አብላጫ አባላት ድንጋጌው ራሱ ከአንቀጽ 38 ጋር ይጋጫል አሉ። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ያለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1995 የሰጠው ውሳኔ መካከለኛ መንገድ ያዘ፦ የቋንቋ መስፈርቱ ሊኖር ይችላል፤ መለኪያው ግን የክልሉ የሥራ ቋንቋ እንጂ የአንድ ብሔረሰብ ቋንቋ አይደለም፤ ስለዚህ የቦርዱ ስረዛ ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ነው።

ውሳኔውን የሚደግፉ የሕግ ሰዎች ሥራው በማያውቁት ቋንቋ በሚካሄድ ምክር ቤት ውስጥ መቀመጥ ከንቱ ነው ይላሉ። የሚተቹት ደግሞ ተወካይን ቋንቋ ቻለ አልቻለ ብሎ የሚመዝነው መራጩ ራሱ እንጂ ቦርድ መሆን የለበትም ይላሉ። እኔ ሁለተኛው ሙግት ይበረታብኛል። ውሳኔው የመጣው ምርጫው ካለፈ ከሦስት ዓመት በኋላ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ለተሰረዙት ሰዎች ፍትሑ በመዝገብ ቤት ቀርቷል።

ሐረር ላይ ነገሩ ተገልብጦ ይታያል። ከክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫዎች 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ሲሆኑ፣ የሚመርጡትም የሚመረጡትም ሐረሪዎች ናቸው፤ ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎችም ጭምር። በ1999 ቆጠራ ሐረሪዎች የክልሉን ሕዝብ ከመቶ 9 እንኳን አይሞሉም ነበር። ያለዚህ ጥበቃ ጥንታዊቷ ከተማ በራሷ ምክር ቤት ድምፅ አይኖራትም የሚለው ሙግት ክብደት አለው። በከተማዋ ተወልዶ ላደገው ኦሮሞና አማራ ግን፣ አዲስ አበባ የሚኖር ሐረሪ የሚመርጥበት ጉባኤ ዝግ ነው። ከ2013ቱ ምርጫ በፊት ቦርዱ ከክልሉ ውጭ ያለውን ምርጫ አላካሂድም ብሎ ነበር፤ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ተፈቀደና ድምፁ በመስከረም 2014 ተሰጠ። በዚህ ጉዳይ ባለቤትነት ነዋሪነትን ረታ። ኅዳር 10 ቀን 2012 በተደረገው የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ደግሞ የመራጭነት መስፈርቱ ነዋሪነት ነበር፤ በሐዋሳ የሚኖር ሌላ ብሔረሰብ ተወላጅም ካርድ መውሰድ ይችላል። ውጤቱ 98.5 ከመቶ ነበር። ስለዚህ በሁለት ዓመት ልዩነት ውስጥ፣ በአንድ ቦርድ ሥር፣ ሁለቱም መርህ ሥራ ላይ ውሏል።

ስምንት ቀበሌ

ለስሜን ግርጌ ነዋሪ ከሁሉም የሚቀርበው የቅማንት ጉዳይ ነው። በ1987 ቆጠራ ቅማንት ነኝ ያለው ሕዝብ ከ170 ሺህ በላይ ነበር። በ1999 ቆጠራ ቅማንት ራሱን ችሎ የሚቆጠርበት ስም ከዝርዝሩ ጠፋ። የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ለአዊ፣ ለዋግ ኽምራና ለኦሮሞ የብሔረሰብ ዞን ሲሰጥ ቅማንት አልነበረበትም። ከረጅም አቤቱታ በኋላ የክልሉ ምክር ቤት በ2007 ለ42 ቀበሌዎች የራስ አስተዳደር ፈቀደ። ጥያቄውን ያቀረበው የቅማንት ኮሚቴ አባላት ቀበሌዎቹ አይበቁም አሉ። ክርክሩ ወደ ግጭት ካመራ በኋላ መስከረም 7 ቀን 2010 ሕዝበ ውሳኔ ተጠራ። ከታሰቡት 12 ቀበሌዎች ድምፅ የተሰጠው በስምንቱ ነው፤ ሰባቱ በነባሩ አስተዳደር መቆየትን፣ አንዱ፣ ቋቤር ሎምየ፣ ወደ ቅማንት አስተዳደር መግባትን መረጡ።

ይህን ውጤት የሚቀበሉ ወገኖች ሕዝቡ ተጠይቆ መለሰ ይላሉ። የማይቀበሉት ደግሞ ከድምፁ በፊት የነበረው መዝገብ ላይ ያነጣጥራሉ፦ ጥያቄውን ያነሳው አንድ ሕዝብ ሆኖ ሳለ መልሱን የሰጠው ግን በቀበሌው ያለው ሰው ሁሉ ነው፤ ድምፅ ያልተሰጠባቸው አራቱ ቀበሌዎችስ? በመሠረቱ ሁለቱ ወገኖች ስለ ቁጥር አይደለም የሚከራከሩት። አንዱ ነዋሪን፣ ሌላው ባለቤትን ይቆጥራል። በአሶሳ ነዋሪው እንዲመረጥ የታገለ ሰው ቅማንት ላይ የባለቤትነትን ሙግት ሊደግፍ ይችላል፤ የተገላቢጦሹም ይሆናል። በሁለቱም ቦታ አንድ መርህ ይዞ የሚቆም ጸሐፊ ማግኘት ያስቸግራል፤ ክርክሩ እስካሁን ያልበሰለበት ዋና ምክንያትም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ከሕዝበ ውሳኔው በኋላም ጎንደር ዙሪያ ደም ፈሷል፣ ቤት ተቃጥሏል፤ ድምፁ ሰላም አላመጣም።

ማዳበሪያና ድምፅ

ግንቦት 7 ቀን 1997 የተደረገው ምርጫ በአገሪቱ ታሪክ መራጩ በገፍ የወጣበት ነው። ተቃዋሚው ቅንጅት አዲስ አበባ ላይ 23ቱንም የፓርላማ መቀመጫ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫም 137ቱን ወሰደ። ውጤቱን ተከትሎ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተነሳው ተቃውሞ፣ ግድያውን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን እንደዘገበው፣ 193 ሲቪል ሰዎች ተገደሉ። በ2002 ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ ሁሉንም ያዙ።

በመካከሉ ምን ሆነ? ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2003 መጀመሪያ ባወጣው ዘገባ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ ብድር፣ ሴፍቲኔትና ሥልጠና ተቃዋሚን ለመቅጣትና ደጋፊን ለመሸለም ውለዋል አለ። መንግሥት አጥብቆ ካደ። ለጋሾቹ ያስጠኑት ጥናት ፕሮግራሞቹ መድልዎን የሚከላከል የቁጥጥር ሥርዓት አላቸው ሲል ደመደመ፤ መስክ ወርዶ አቤቱታዎችን ግን አላጣራም። ሁለቱ ሰነዶች እርስ በርስ የሚቃረኑ ተደርገው ይጠቀሳሉ፤ የለኩት ነገር ግን የተለያየ ነው። አንደኛው ሥርዓቱ እንዴት እንደተዘጋጀ፣ ሌላኛው ገበሬው ምን እንደገጠመው ነው የሚናገረው። ጥሩ ቅጽ ያለው ፕሮግራም በመጥፎ ቀበሌ ሊቀመንበር እጅ መድልዎ ሊሠራ ይችላል።

ድምፅ እኮ ምስጢር ነው የሚል መልስ ይሰጣል። የአንድ ሰው ድምፅ ምስጢር ነው፤ የመንደር ድምፅ ግን አይደለም። አንድ ምርጫ ጣቢያ የተወሰነ ሰው ብቻ የሚመዘገብበት ነው፤ ውጤቱም በሩ ላይ ይለጠፋል። በጃናሞራ ወይም በበየዳ ተራራ ላይ ባለ መንደር ሌላው ቀርቶ ማን ካርድ እንዳልወሰደ ሁሉም ያውቃል። ነዋሪው በአንድ መሪ ሥር አንድ ለአምስት በተደራጀበት መንደር የአንዱን ወረቀት ማየት ሳያስፈልግ መንደሩን መቅጣት ይቻላል። በእነዚህ ዓመታት የሴት የፓርላማ አባላት ቁጥር በ1992 ከነበረበት 42 ተነስቶ በ1997 ወደ 117፣ በ2002 ወደ 152፣ በ2007 ወደ 212 አድጓል። ይህ እውነተኛ ለውጥ ነው። ሆኖም ከፍተኛው ቁጥር የተመዘገበው መራጩ አማራጭ ባጣበት ዓመት ነው፤ ቁጥሩን ያሳደገው የፓርቲ ዝርዝር ይሁን የመራጭ አመለካከት በእነዚህ ምርጫዎች መለየት አይቻልም።

ቆጠራ ያላየው ሕዝብ

ስለ ድምፅ ክብደት የሚጻፈው ጥቂት ነው፤ ሊጻፍበት ግን ይገባል። 547ቱ የምርጫ ክልሎች የተከለሉት በ1980ዎቹ ነው፤ መነሻው ለአንድ መቀመጫ 100 ሺህ ሰው ገደማ የሚል ነበር። በ1999 ቆጠራ ስናሰላው አማራ በ138 መቀመጫ ለአንዱ 125 ሺህ፣ ኦሮሚያ በ178 መቀመጫ 152 ሺህ፣ ሶማሌ በ23 መቀመጫ 193 ሺህ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በ9 መቀመጫ 87 ሺህ ሰው ይደርሰዋል። የአሶሳ አንድ ድምፅ ከጅጅጋ ሁለት ድምፅ በላይ ይመዝናል ማለት ነው። አናሳ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 መቀመጫ እንዲያገኙ ሕገ መንግሥቱ ስለሚያዝዝ ልዩነቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ጥበቃ ነው የሚል ማብራሪያ አለ። አፋር ግን ያንን ማብራሪያ ያፈርሰዋል፤ ትንሽና አርብቶ አደር ክልል ሆኖ በ8 መቀመጫ ለአንዱ 174 ሺህ ሰው ይደርሰዋል።

ያ ቆጠራ ራሱ በአማራ ክልል አከራካሪ ነበር፤ የክልሉ ሕዝብ ከተገመተው ከሁለት ሚሊዮን በላይ አንሶ በመገኘቱ ጉዳዩ ፓርላማ ላይ ተነስቷል። አራተኛው ቆጠራ ደግሞ በተደጋጋሚ ተራዝሞ እስካሁን አልተካሄደም። በዳባት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ በተመረጡ ቀበሌዎች ልደት፣ ሞትና ፍልሰትን ከሃያ ዓመት በላይ ሲመዘግብ ኖሯል። ሕዝብን በትጋት መቁጠር የሚቻል መሆኑን የሚያሳይ ነገር እዚያው በደጃችን አለ።

ተፈናቃይ፣ ስድስት ወርና የሊማሊሞ ማዶ

ሥራ ላይ የዋለው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል። መታወቂያ ለሌለው በአካባቢ ሰዎች ምስክርነት የመመዝገብ ዕድል ይሰጣል፤ ለተፈናቃዮችም ልዩ ምርጫ ጣቢያ ይፈቅዳል። በብርቱካን ሚደቅሳ የተመራው ቦርድ ሰኔ 14 ቀን 2013 ለተማሪዎች፣ ለወታደሮችና ለተፈናቃዮች ልዩ ጣቢያዎችን ከፍቷል። በግንቦት 2013ም ሰበር ሰሚ ችሎት እስር ላይ የነበሩት እስክንድር ነጋና ሌሎች የባልደራስ ፓርቲ ሰዎች በዕጩነት እንዲመዘገቡ ወስኗል። ይህ ሁሉ በአዋጅ ደረጃ ከቀደሙት ሁሉ የተሻለ ነው። ገዥው ብልጽግና ፓርቲ ውጤታቸው ከተገለጸው 436 መቀመጫ 410ሩን አሸነፈ፤ የኦሮሞ ነፃነት ግንባርና የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ አመራሮቻችን ታስረዋል ብለው አልተወዳደሩም፤ የትግራይ 38 መቀመጫዎች ባዶ ቀሩ።

የስድስት ወሩ መስፈርት በሰላም ጊዜ ቀላል ነው። ከምርጫው ሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ በነሐሴ መጨረሻ፣ በዳባት ወረዳ ጭና ላይ ሰላማዊ ሰዎች በጅምላ ተገደሉ፤ ደባርቅና ዳባትም በተፈናቃይ ተሞሉ። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ለአሥር ወር ያህል ቆየ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተዘጋ። ጦርነት ባለበት ቦታ ጣቢያ አለመከፈቱ መድልዎ ነው ወይስ አስገዳጅ ሁኔታ? አስገዳጅ ነው የሚሉት ሰው ለድምፅ ብሎ ይሙት ማለት አይቻልም ይላሉ። ሌሎች፣ መንግሥት ግብር የሚሰበስብበት ወረዳ ድምፅ የማይሰበሰብበት ምክንያት መገለጽ አለበት፤ ጊዜያዊ ከተባለም ቀን ይቆረጥለት ይላሉ። ለ2018ቱ ምርጫ የታሰበው ዲጂታል ምዝገባ የቀበሌ ሊቀመንበሩን እጅ ማሳጠሩ ጥሩ ነው፤ መስመሩ ሲቋረጥ ግን በሩ መልሶ ይዘጋል። ሌላም ነገር ልጨምር። ድምፅ በሰኔ ሲሰጥ ስሜን ላይ ክረምቱ ይገባል፤ ገበሬው እርሻ ላይ ነው፣ የበየዳ መንገድ ጭቃ ነው። ቀን መምረጥም ማንን እንደሚያስቀር መታየት ያለበት ጉዳይ ነው።

መዝገብ ላይ መግባት ራሱ አደጋ የሆነበት ጊዜም ነበር። በሚያዝያ 1985 በኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩ ኤርትራውያን ጭምር ተመዝግበው መርጠዋል። ጦርነቱ በ1990 ሲነሳ ያ ምዝገባ የሌላ አገር ዜግነት ማስረጃ ተደርጎ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተባረሩ። የኤርትራና ኢትዮጵያ የካሳ ኮሚሽን በኋላ እነዚህን ሰዎች የሁለቱም አገር ዜጎች ነበሩ አለ። ይህን የሚያስታውስ ሰው በአወዛጋቢ ቦታ ካርድ ሲሰጠው ቢያመነታ አይፈረድበትም።

ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርዶ በአዲአርቃይ በኩል ያለው፣ አማራና ትግራይ የሚወዛገቡበት የጠለምት ጉዳይ ይህን ሁሉ አንድ ላይ ያመጣዋል። የጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት አከራካሪ አካባቢዎች በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይፈቱ ብሏል። የፌዴራሉ መንግሥት ተፈናቃዮች ተመልሰው፣ የአካባቢ አስተዳደር ተመርጦ፣ ከዚያ ሕዝበ ውሳኔ ይሁን የሚል አቋም አለው። በአማራ በኩል ከ1980ዎቹ ጀምሮ ማንነቱ በኃይል ተቀይሯል የሚሉ ወገኖች መጀመሪያ የተፈናቀለው በዚያን ዘመን የነበረው ሰው ነው ይላሉ። በትግራይ በኩል ከጦርነቱ በፊት የነበረው አስተዳደር ሳይመለስ የሚደረግ ድምፅ ማፈናቀልን ማጽደቅ ነው ይባላል። በምዕራብ ሳሃራ እ.ኤ.አ. በ1991 የታቀደው ሕዝበ ውሳኔ እስካሁን ያልተካሄደው በዚህ በመራጭ ማንነት ጥያቄ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ስፔን የቆጠረችው ሕዝብ ብቻ ይምረጥ ወይስ ሌላም የሚለው ክርክር አልተፈታም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48 የክልሎች የወሰን ክርክር በሕዝብ አሰፋፈርና ፍላጎት ይወሰናል፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በሁለት ዓመት ውስጥ ውሳኔ ይስጥ ይላል። የየትኛው ዓመት አሰፋፈር እንደሆነ ግን አይናገርም። የ1983ቱ? የ2012ቱ? ካርድ በሚወሰድበት ጠዋት በቦታው የተገኘው? ለጠለምት መዝገብ ጠረጴዛው ሲወጣ መዝጋቢው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው።